ዳንቴ ላይ መጠባበቂያ መስመር፦ ሁለተኛ ኬብል ብቻ ይበቃል? (ደሴ)

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት የድምፅ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁና አንድ ነገር ልጠይቅ።

ደሴ ውስጥ የአንድ የስብሰባና የሰርግ አዳራሽ ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ። አዳራሹ ከድሮው ወፍራም ስኔክ (ብዙ የማይክ ገመድ በአንድ የታሰረበት) ወጥቶ ወደ ዳንቴ፣ ድምፅን በኔትወርክ ኬብል ወደሚልከው አሠራር፣ ገብቷል። ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ ያማሃ ኪውኤል 1 ሚክሰር፣ መድረክ ላይ ማይኮቹ የሚሰኩበት ሪዮ 1608 ዲ2 ስቴጅ ቦክስ፣ ድምፅ በኔትወርክ የሚቀበሉ ሁለት አምፖች፣ መሀል ላይ የኔትወርክ ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ስዊች። ሁሉም ነገር በዚያ አንድ ስዊች ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሲሠራ እሰየው ነው። ያ የድሮው እምምም የሚል ነገር ጠፍቷል፣ ኬብሉም ቀጭን ነው፣ ማታ ስንጠቀልለው ወገባችን አይቆረጥም።

በቀደም የምረቃ ዝግጅት መሀል መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ወዲያው ተነሳ። ሚክሰሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ስለነበር ጭራሽ አልጠፋም፣ አምፖቹም ሪዮውም ቶሎ ተመለሱ። ስዊቹን ግን የገጠሙት ሰዎች ተራ ማከፋፈያ ላይ ነው የሰኩት፣ ያውም ከሻይ ማፍያው ጋር። እሱ ቡት አድርጎ እስኪነሳ አዳራሽ ሙሉ ሰው እኔን ያየኛል። የክብር እንግዳው ማይኩን በጣታቸው እየመቱ «ይሰማል?» ይላሉ። ሚክሰሩ በርቷል፣ አንድም የድምፅ ሜትር ግን አይንቀሳቀስም።

አሁን የሰርጉ ወቅት እየመጣ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚሠራ ትልቅ የመንዙማ ፕሮግራም ተይዟል። ባለቤቱ «ሁለተኛ ኬብል ጎትትና እዚያው ስዊች ላይ ሰካው፣ አንዱ ቢበጠስ በአንዱ ይሄዳል» ይሉኛል። እኔ ፈራሁ፤ ሌላ ቦታ ሁለት ኬብል አንድ ስዊች ላይ ሲሰካ ኔትወርኩ እንዳለ ሲያብድ አይቻለሁ። ሁለተኛ ስዊች ይግዙ ስላቸው ደግሞ «ያለው መች ተበላሸ?» አሉኝ።

መጠባበቂያ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው? ምኑን ነው ሁለት የማደርገው? ብሩ ትንሽ ከሆነስ ከየት ልጀምር?


ቦርከና ገመድ (ኮምቦልቻ)

ፍርሃትህ ልክ ነው ወንድሜ። ያሉህን እንዳታደርግ።

ሪዮም ኪውኤልም ከኋላቸው ሁለት ሁለት የዳንቴ ፖርት አላቸው፣ ፕራይመሪና ሰከንደሪ የሚል የተጻፈባቸው። ሰው ሁለት ቀዳዳ ሲያይ «መጠባበቂያ አለው» ይላል። የለውም፣ አንተ ካላደረግከው። ፖርቶቹ ዴዚ ቼይን ላይ ተስተካክለው ከሆነ ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ የተያያዙ ትንሽ ስዊች ናቸው፤ በአንዱ የገባው በሌላው ይወጣል፣ ዕቃ ከዕቃ ለመቀጣጠል ነው የሚጠቅመው። በዚህ አሠራር ላይ እያለ ሁለቱንም ኬብል አንድ ስዊች ላይ ከሰካህ ቀለበት ሠራህ ማለት ነው። መልእክቱ በቀለበቱ እየዞረ ይባዛል። ቀለበቱን የሚቆርጥ ስፓኒንግ ትሪ የሌለው ርካሽ ስዊች ከሆነ ኔትወርኩ በሰከንዶች ውስጥ ይታፈናል። ያየኸው ዕብደት ይኸው ነው።

ሪደንደንት (መጠባበቂያ) ላይ ስታደርገው ግን ሁለቱ ፖርቶች አይተዋወቁም። ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ይሆናሉ። አድራሻ የሚሰጣቸው ሌላ ዕቃ ከሌለ ፕራይመሪው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛል፣ ሰከንደሪው በ172.31 የሚጀምር። ላኪው እያንዳንዱን የድምፅ ፓኬት (ቁራጭ) በሁለቱም በኩል ይልካል፣ ተቀባዩ ቀድሞ የደረሰውን ወስዶ የዘገየውን ይጥላል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዱ መስመር ሲቆረጥ መንገድ የሚቀይር፣ የሚያስብ፣ የሚጠብቅ ነገር የለም። ድምፁ ድሮውንም በሁለቱም እየመጣ ነበር። ሰው አይሰማውም፣ አንተም አይሰማህም።

አንዳንዱ ደግሞ «ስዊቾቹን በቀለበት ላያይዛቸውና ስፓኒንግ ትሪ ያድነኛል» ይላል። የድሮው ስፓኒንግ ትሪ መንገድ ቀይሮ እስኪረጋጋ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጃል። አዲሱ፣ ራፒድ የሚሉት፣ በጣም ይፈጥናል። ግን ዳንቴ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ1 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ስለሆነ ከዚያ የበለጠች ክፍተት ሁሉ ቀጭ ብላ ወይም ጸጥ ብላ ትሰማለች። ስብሰባ ላይ ምናልባት ያልፋል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ስትገባ ግን አያልፍም።

ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ ከፈለግክ ሁለት ስዊች ነው። ፕራይመሪው ሁሉ ወደ አንዱ፣ ሰከንደሪው ሁሉ ወደ ሌላው፣ ሁለቱ ስዊቾች በምንም ኬብል አይገናኙ። ሪደንደንት ላይ ሆኖ ሁለቱን አንድ ላይ ብትቀላቅላቸውም ሲስተሙ ይረበሻል፣ እሱንም እንዳትሞክር። የኬብሉ መንገድም ይለያይ። ሁለት መኪና በሐረጎ ብትልክ መንገዱ ሲናድ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሁለት ኬብል በአንድ ቱቦ ከላክህም ያው ነው፣ አንድ ቀን ቧንቧ የሚጠግን ሰው በአንድ መጋዝ ሁለቱንም ይወስድልሃል። አንዱን በቀኝ ግድግዳ፣ አንዱን በግራ፣ ወይም በጣራው በኩል።

ሌላ ሦስት ነገር ልጨምር፦

አምፖችህን ገልብጠህ እያቸው። አንድ ፖርት ብቻ ካላቸው ፕራይመሪው ላይ ብቻ ነው የሚኖሩት፣ የሚክሰሩ ሰከንደሪ አያድናቸውም። ባለ ሁለት ቻናል ትንንሾቹ አቪዮ አዳፕተሮችም (ሌላ ዕቃን ከዳንቴ የሚያገናኙት) እንዲሁ ባለ አንድ ፖርት ናቸው።

ኪውኤል ላይ ዳንቴ ሴትአፕ ውስጥ ገብተህ ሰከንደሪ ፖርት የሚለውን ከዴዚ ቼይን ወደ ሪደንደንት ታዞረዋለህ። ሪዮውም ላይ በራሱ ሜኑ አለ። ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱን ረስተህ ዴዚ ቼይን ላይ ከተውከው ሁለቱን ኔትወርክ የሚያገናኝ ድልድይ እሱ ይሆናል። ለዚህ ነው ኬብሉን ከመሰካትህ በፊት መጀመሪያ ሴቲንጉን የምትጨርሰው።

ስዊች ስትገዛ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ የሚሉት ነገር፣ ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የሚስሉበት፣ መጥፋት የሚችል ይሁን። ያ ነገር ፖርቱን እያስተኛ እየቀሰቀሰ ዕቃዎቹ ሁሉ አብረው የሚራመዱበትን የዳንቴ ሰዓት ያዛባል። ሰዓቱ ሲዛባ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንተ ደግሞ ኬብል ስትቀያይር ታመሻለህ። ማጥፊያ የሌለው ርካሽ ስዊች ከሆነ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።


ሸዋበር ሳውንድ (ደሴ)

ጋሼ ቦርከና ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እጃቸው ይባረክ። ግን ልጁ የጠየቀው ነገር ኬብል አልተበጠሰም እኮ። መብራት ነው የጠፋው። እኛ ሀገር ኬብል በዓመት አንዴ ይበጠስ ይሆናል፣ መብራት ግን ፕሮግራም አይቶ ነው የሚሄደው።

አብሽር ወንድሜ፣ ባለቤቱን አንድ ብር ሳታስወጣ ዛሬውኑ የምታደርገው አለ። ስዊቹን ከሻይ ማፍያው ነጥለህ ሚክሰሩ ካለበት ዩፒኤስ ላይ ሰካው። ስዊች የሚበላው ኃይል ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጥም። በቃ፣ ያ ቀን የደረሰብህ ነገር ግማሹ ተፈታ።

ሪዮ 1608 ዲ2 ከኋላው ሁለት የኃይል መሰኪያ አለው። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ሰክቶ ሌላውን ይረሳዋል። አንዱን ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ። ዩፒኤሱ ራሱ ሲሞት (ይሞታል፣ ባትሪው ካረጀ መብራት በጠፋ ሰዓት ጢጥ ብሎ ነው የሚሰናበትህ) ሪዮው ከግድግዳው ይቀጥላል። ሁለት ስዊች ስትገዛም ሁለቱን አንድ ዩፒኤስ ላይ አትስካ። ያኔ ሁለት ኔትወርክ አለኝ እያልክ አንድ ባትሪ ነው ያለህ። ሁለተኛ ዩፒኤስ ባይኖርህ እንኳን አንዱ ስዊች ዩፒኤስ ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ይሁን።

ስለ ዩፒኤሱ ዓይነት። የተለመደው ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ነው፣ መብራት ሲጠፋ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ለስዊችና ለሚክሰር ይበቃል። ጣጣው ጀነሬተር ላይ ነው። ያረጀ ጀነሬተር ጭነት ሲጨመርበት ዙሩ ይወርዳል፣ 50 ኸርዙ ይዋዥቃል፣ ዩፒኤሱ ደግሞ «ይሄ መብራት አይደለም» ብሎ አልቀበልም ይላል። ጀነሬተሩ እየጮኸ፣ አዳራሹ እየበራ፣ ያንተ ዩፒኤስ ግን ባትሪ እየበላ ነው። ቢፕ ቢፕ ሲል ሰው «ጀነሬተሩ አለ፣ አትስጋ» ይልሃል፣ ከዚያ በዝግጅቱ መሀል ድርግም። ስለዚህ ዩፒኤስህን በመብራት ኃይል ብቻ አትፈትሸው፣ ጀነሬተሩ ተነስቶ አምፖቹ ሁሉ እየጮሁ ፈትሸው። ጀነሬተሩ ካስቸገረ ኦንላይን የሚሉት ዓይነት ዩፒኤስ ይሻላል፣ የገባውን ኃይል ሁሌም ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ኃይል) ቀይሮ እንደገና ስለሚሠራው የገባው መብራት ቢዋዥቅም የሚወጣው አይዋዥቅም። ዋጋው ግን ይጠብሳል።

አምፖቹን ዩፒኤስ ላይ አታስባቸው፣ አይችላቸውም። ለትልቅ ዝግጅት እኛ የምናደርገው ከመጀመሪያው በጀነሬተር መጀመር ነው፣ መብራት ኃይሉ መጠባበቂያ ይሆናል። ባለቤቶች በናፍጣው ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ ቦርከና፣ አምፖቹን ገልብጬ አየሁ፣ እንደፈሩት ባለ አንድ ፖርት ናቸው። ከኋላቸው ግን አናሎግ ኤክስኤልአር (የተለመደው የማይክ ገመድ መሰኪያ) መግቢያ አላቸው።

ስዊቹን ከሻይ ማፍያው አፋትቻለሁ። ሻይ የምታፈላው ልጅ አኩርፋኛለች።

አሁን የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለት ስዊች ቢገዛም አምፖቹ አይጠቀሙም። ታዲያ ምን ላድርግ? አዲስ አምፕ ይግዙ ብላቸው ያባርሩኛል።


ላስታ ድምፅ (ላሊበላ)

ወንድሞቼ፣ ስለ አንድ አዳራሽ ነው የምናወራው ወይስ ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያ?

የጦሳ ልጅ፣ ዕቃህን ልብ ብለህ ቁጠር። አንድ ሚክሰር፣ አንድ ስቴጅ ቦክስ፣ ሁለት አምፕ። ስዊቹ ለምን አስፈለገ? አምፖቹ በኔትወርክ ስለሚቀበሉ ብቻ ነው። ሪዮው 8 አናሎግ መውጫ አለው፣ አምፖቹም መድረኩ አጠገብ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ከሪዮው መውጫ ወደ አምፖቹ በአጭር ኤክስኤልአር ውሰድ። ከዚያ ሚክሰሩና ሪዮው ብቻ ቀሩ። በሁለት ኬብል አገናኛቸው፣ ፕራይመሪ ለፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ ለሰከንደሪ፣ ሁለቱም ሪደንደንት ላይ። ስዊች የሚባል ነገር በመሀል የለም። የሌለ ዕቃ ደግሞ አይበላሽም፣ ቡት አያደርግም፣ ዩፒኤስም አይፈልግም። ወጪህ አንድ ካት 6 (የኔትወርክ) ኬብል ነው። ባለቤቱም ሁለተኛ ኬብል ነበር ያሉት፣ እሳቸውንም ደስ አሰኘሃቸው።

የምታጣው ነገር አለ፣ አልዋሽህም። ላፕቶፕህን ኔትወርኩ ላይ ሰክተህ ዳንቴ ኮንትሮለርን (ኔትወርኩን የሚያሳየውን ፕሮግራም) የምታይበት ቦታ አይኖርህም፣ በዳንቴ ብዙ ትራክ መቅዳትም ይቀራል። ሰርግና ስብሰባ ለሚሠራ አዳራሽ ግን በሳምንት ስንት ጊዜ ትቀዳለህ?

ሁለተኛው ነገር፣ ያ የድሮው ወፍራም ስኔክ የት ነው ያለው? ተሽጧል እንዳትለኝ። ካለ አውጣው። ኪውኤል 1 በራሱ ጀርባ 16 መግቢያና 8 መውጫ አለው። በስኔኩ ሁለት ማይክ፣ የአስተዋዋቂውንና የክብር እንግዳውን፣ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ አስገባ። በመመለሻው ደግሞ ግራና ቀኝ ድምፅ ወደ አምፖቹ አጠገብ አድርሰህ ተው። ሪዮው ከነነፍሱ ቢሞት፣ ሁለቱም ኬብል በአይጥ ቢበላ፣ ሰው ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። ኔትወርክን በኔትወርክ ብቻ ስትጠብቀው አንድ የሶፍትዌር ጣጣ ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል። መዳብ ሶፍትዌር የለውም።

ሚክሰሩ ራሱ ቢሞትስ? እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ። ሁለት ኔትወርክ፣ ሁለት ዩፒኤስ፣ ሁለት የኃይል መሰኪያ፣ አንድ ሚክሰር። ሌላ ኪውኤል ግዛ አልልህም። ገመድ አልባ ማይኮችህን ጀርባቸውን እይ፣ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ኤክስኤልአርም ጃክም መውጫ አላቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ኤክስኤልአሩን ለሪዮው፣ ጃኩን ለአንድ ትንሽ አናሎግ ሚክሰር ስጠው። ያ ትንሽ ሚክሰር አምፖቹ አጠገብ በርቶ ይቀመጥ፣ ፌደሮቹ በቴፕ ምልክት ይደረግባቸው። መንዙማም ቢሆን መሪው ከተሰማ ተቀባዩ በራሱ ድምፅ ይደርሳል፣ ድቤውማ ማይክም አይፈልግ።


ቦርከና ገመድ (ኮምቦልቻ)

እህቴ ላስታ፣ ቀድመሽኛል። ለዚህ አዳራሽ ያንቺ ይሻላል፣ አልከራከርም። ሁለት ስዊች ያልኩት ሲያድግ ነው። በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። መስመሩን የሚያሳይህ ነገር የለም ማለት ቀላል አይደለም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ የጦሳ ልጅ። መጠባበቂያ ያለው ሲስተም ክፉ ጠባይ አለው፣ የመጀመሪያውን ብልሽት ይደብቅብሃል። ዛሬ ሰከንደሪው ኬብል በበር ተቀርጥፎ ቢሞት ድምፁ ንቅንቅ አይልም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አንተ «ሁለት አለኝ» እያልክ ሦስት ሰርግ በአንድ ኬብል ትሠራለህ፣ በአራተኛው ፕራይመሪው ይነቀላል። መጠባበቂያው የጠፋው ያኔ አይደለም፣ ጠፍቶ ነው የቆየው። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚሰካበት ቦታ ካለህ ከዝግጅት በፊት ዳንቴ ኮንትሮለርን ከፍተህ ኔትወርክ ስታተስ ላይ ፕራይመሪና ሰከንደሪ የሚሉትን ሁለቱንም አምድ እይ። 1 ጊጋ ማለት ሲገባው 100 ሜጋ የሚል ካየህ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ውስጥ ከ4ቱ ጥንድ ሽቦ አንዱ ተጎድቷል ማለት ነው፣ ዛሬ ይሠራል፣ በቅርቡ ይተውሃል።

የላስታን ዘዴ ከተከተልክ ደግሞ ዓይንህ የፖርቱ መብራት ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ፖርት። ከዚያ በእጅህ ትነቅለዋለህ። አዳራሹ ባዶ እያለ ረጅም ድምፅ የሚይዝ ነገር አጫውት። እኔ ዋሽንት እመርጣለሁ፣ አምባሰልን ቀስ አድርጎ የሚነፋ ካገኘህ ከሱ የተሻለ መፈተሻ የለም፤ ከበሮና ቤዝ ያለበት ዘፈን ትንንሽ ቀጭታዎችን ይውጥብሃል። ፕራይመሪውን ከሪዮው ንቀል፣ ስማ። መልሰህ ሰካ፣ መብራቱ እስኪረጋጋ ታገሥ። ከዚያ ሰከንደሪውን። ሁለቱን ተከታትለህ ቶሎ ቶሎ ከነቀልክ ገና ያልተመለሰውን ይዘህ ሌላውን ስለነቀልክ ዝም ይልሃል፣ «ሪደንደንቱ አይሠራም» ብለህ ደግሞ እዚህ መጥተህ ትጽፋለህ። ቀጥሎ የሪዮውን አንድ የኃይል ገመድ፣ እሱን መልሰህ ሰክተህ ከዚያ ሌላውን። መጨረሻ ላይ ዋናውን ብሬከር። ባለቤቱም ቁጭ ብለው ያዩ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ በጆሯቸው ይስሙ።

ስለ አናሎጉ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳንቴውና አናሎጉ ሁለቱም አምፕ ላይ ከተሰኩ አንዳንድ አምፖች ኔትወርኩ ሲጠፋ በራሳቸው ወደ አናሎግ ይዞራሉ፣ ያንተም ይህ ካለው ሴቲንጉ ውስጥ ፈልገው። ግን የሁለቱን ድምፅ መጠን ካላስተካከልክ መዞሩ ከመጥፋቱ ይብሳል። ዳንቴው ላይ ለስለስ ብሎ የነበረው በአናሎጉ ሲጮህ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይዘው ይነሳሉ። በአንድ የሙከራ ድምፅ ሁለቱንም ለክተህ እኩል አድርግ፣ ከዚያ ማስተካከያውን ማንም እንዳይነካው በቴፕ ዝጋው።


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ስኔኩ አለ! መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ምንጣፍ ሥር ነው ያገኘነው። ባለቤቱ ሲሰሙ «እኔ እኮ አትጣሉት ብዬ ነበር» አሉ። ይሁን፣ ብለዋል።

እህቴ ላስታ ያለችውን ነው የምሠራው፣ አንድ ካት 6 ብቻ በጣራው በኩል። አዳራሹ አለቀ።

ሜዳው ግን ሌላ ነው። ከመድረክ እስከ ሚክሰሩ ያለው መንገድ ሰው በማያልፍበት ጠርዝ በኩል ሲዞር ከ100 ሜትር ያልፋል። አንዱን ኬብል በመሀል፣ አንዱን በጠርዝ ልወስድ ነበር። ዝናቡም አይታወቅም። ሌላው ደግሞ ከፕሮግራሙ በፊት ከላፕቶፕ የሚለቀቅ ነገር አለ፣ ላፕቶፑ ዳንቴ ቨርቹዋል ሳውንድካርድ (ድምፁን በዳንቴ የሚልክ ሶፍትዌር) አለው፣ እሱን ሰከንደሪ ላይ ማስገባት ይቻላል?


ቦርከና ገመድ (ኮምቦልቻ)

ላፕቶፑን እርሳው። ያ ሶፍትዌር ሰከንደሪ የለውም፣ በፕራይመሪው ብቻ ነው የሚሄደው። ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው በዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለማይክ መግቢያ በሚያስማማው) አድርገህ በቀጥታ ሚክሰሩ ጀርባ አስገባው። ሌላ ስልክ ላይ ያንኑ ፋይል ጭነህ በሌላ ቻናል አዘጋጅ፣ ይበቃል።

ርቀቱ ላይ፣ የመዳብ ኔትወርክ ኬብል 100 ሜትር ነው፣ ጫፍ ላይ የምትቀጥላቸው አጫጭር ኬብሎች ጭምር ተቆጥረው። «105 ላይ ሠርቶልኛል» የሚልህ ይኖራል፣ አትስማው። ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ በመሀል የሚሄደው መዳብ ይሁን፣ በጠርዝ የሚዞረው ፋይበር፣ በፋይበሩ ሁለቱም ጫፍ ላይ ከመዳብ ወደ ፋይበር መቀየሪያ ይገባል። ወይ ሁለቱም ፋይበር። ክረምት ከሆነ ሁለቱም ቢሆን ደስ ይለኛል። መድረኩ በአንድ ጀነሬተር፣ ሚክሰሩ በሌላ መስመር ሲሆን በመዳቡ ሺልድ (የብረት ሽፋን) በኩል የማይፈለግ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጦሳ ላይ መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ባሰ። ፋይበር ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪኩን ከዚህ ወዲያ አያሻግርም።

ሁለቱም ጫፍ ላይ መቀየሪያው ውስጥ የሚገባው ኤስኤፍፒ (ፋይበሩ የሚሰካበት ክፍል) አንድ ዓይነት ይሁን። ሲንግል ሞድና መልቲ ሞድ የሚባሉ ሁለት የፋይበር ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ ሲንግል ሞድ፣ አንዱ መልቲ ሞድ ከሆነ መብራቱም ላይበራልህ ይችላል። ጫፉን ሳትጠርግ አትስካ፣ ክዳኑንም ኪስህ ውስጥ እንዳታስቀረው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች።

መቀየሪያዎቹ ኃይል ይፈልጋሉ። እነሱንም ዩፒኤስ ላይ።


ሸዋበር ሳውንድ (ደሴ)

በመሀል የሚሄደውን ኬብል መሬት ላይ እንዲሁ አትዘርጋው፣ ምንጣፍ አልብሰው ወይ ትንሽ ቆፍረህ ቅበረው። ሰዉ ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀመጠው፣ ልጆች ደግሞ ይሮጣሉ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀም። ጀነሬተሩን ናፍጣ የሚሞላው ማን ነው? ስም ያለው ሰው ነው ወይስ «አንዱ ያየዋል» ነው?


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

«አንዱ ያየዋል» ነው ወላሂ። አሁኑኑ ለባለቤቱ እደውላለሁ።